ጣቷ የማያርፍ እንግዳ

ቻይና፣ ቻውጆው ከተማ ውስጥ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ በሚያመርት ፋብሪካ፣ ለእንግዳ ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ትናንት ከፖላንድ የንግድ ተማሪዎች ሊጎበኙን መጡ። ከመሃላቸው አንዷ ዓይኔን ያዘችው። የለበሰችው ኮት የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷታል። የጓደኞቿ ጥፍር ረጅምና ቀለም የተቀባ ነው፤ የእሷ ከሥሩ ተከርክሟል።

እኛ ዘንድ ሻይ ሲቀዳልን ጠረጴዛውን በጣት መታ መታ እናደርጋለን፤ ምስጋና ነው። ይቺ ልጅ ታዲያ ብቀዳም ባልቀዳም ጣቷ አያርፍም።

አለቃችን ጋሽ ዠንግ በደስታ የሚሆነውን አጣ። "የማን የጨዋ ልጅ ናት ባክሽ? ቅጂላት እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?"

ቀዳሁ። መታ መታ አደረገች። ደግሜ ቀዳሁ።

"ጋሼ፣ ልጅቷ ልትፈነዳ ነው" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ፤ እያመሰገነች እንዴት ይነሳታል?"

የእህቴ ልጅ ፒያኖ ትማራለች፤ ነገሩ የገባኝም የእንግዳዋን እግር ሳይ ነው። ጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሯ የሌለ ፔዳል ይረግጣል። ለካስ እስካሁን ፒያኖ ስትጫወት ነው የቆየችው።

ጋሽ ዠንግ በአስተርጓሚው በኩል "ስትመረቂ ምን ልትሠሪ አሰብሽ፣ ልጄ?" አላት።

"የአባቴን ሱቅ እረከባለሁ" አለች። "የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነው የሚሸጠው።"

ጣቶቿ ቀጥ አሉ። እግሯም።

እኔ ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"በቃ ተያት" አለኝ ጋሽ ዠንግ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ። "አሁን ጠግባለች።"