ጣሪያውን የለቀቁ ምስማሮች

ሰመራ የተከራየሁት ክፍል ጣሪያ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ነገር ይራመድ ነበር። ኳ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ ትንሽ ነገር ቁልቁል ተንከባሎ ግቢው ውስጥ ይወድቃል። ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮ ሲግል እንደሚለጠጥ፣ ሲበርድ እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ። ስለዚህ አልፈራሁም። ወይም እንዳልፈራሁ ለራሴ እነግረው ነበር።

አከራዬ ከወሎ የመጣች፣ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴት ናት። ሱቋ እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ መዳህ የጀመረች ልጇን ቀትር ላይ የምታስተኛት እኔ ክፍል ነበር፤ የእኔ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ኮርኒስ አለው። ጠዋት አስተምሬ ስመለስ አጠገቧ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ።

ግቢው ውስጥ በየጠዋቱ ምስማር አገኛለሁ። ቤቱ ሲሠራ የተረፈ መስሎኝ፣ ሕፃኗን እንዳይወጋት እየለቀምኩ በቲማቲም ጣሳ አጠራቅም ነበር። አንዱ ጣሳ ሲሞላ ሌላ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከአጥራችን ጥግ የሰሌን ቤት ያላት አፋር ጎረቤታችን ጣሳውን አየች። አንዱን ምስማር አንስታ ከአናቱ ሥር ያለውን ላስቲክ በጥፍሯ ፈተገችው፤ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ቀና ብላ ጣሪያዬን አየች።

"ይሄ ከመሬት አይበቅልም፣ አስተማሪዋ። ቤትሽ ልብሱን እያወለቀ ነው።"

"ቆርቆሮ እኮ ነው፤ ሲበርድ ይጮኻል።"

ሳቀች። "ማነው ምስማሩን የመታው?"

"የአከራዬ ወንድም። ከደሴ መጥቶ።"

"እንግዲያው ለደሴ ብርድ ነው የመታው። የእኔ ሰሌን ነፋስ ሲገፋው ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ይሄ መታጠፍ አያውቅም። ይሄዳል።"

ወንበር ላይ ቆሜ የኮርኒሱን ጥግ ገለጥኩ። ባዶ የምስማር ቀዳዳዎች በረድፍ ያበራሉ። ቆርቆሮው የእንጨቱ ሞራሌ ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተያያዘም።

ለአከራዬ መናገር ነበረብኝ። እሷ ግን "ወላሂ፣ በሰመራ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም" እያለች የወንድሟን ሥራ ለደንበኛ ሁሉ ታሳያለች። የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ሦስት ቀን አለፈ። አንዴ ሱቁ ድረስ ሄጄ ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ። ቀትር ላይ ልጅቷ ስትተኛ፣ ደብተሬን ትቼ ጣሪያውን እጠብቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ቀትር ነፋሱ ቆመ። ዝንቦቹ እንኳ ዝም አሉ። ከአልጋው በላይ፣ በዚያ ሰዓት ሰምቼው የማላውቀው እርምጃ ተነሣ፤ ፈጣን፣ ብዙ። በመስኮት ሳይ ከሰርዶ ከተማ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆኗል። ማንንም ሳልጠይቅ ልጅቷን አንስቼ ወደ ሰሌኑ ቤት ሮጥኩ።

ጎረቤቴ ወደ ውስጥ ገፍታኝ የሰሌኑን ገመድ ጨብጣ ተቀመጠችበት። አቧራው ደረሰ። የሰሌኑ ቤት እስከ ራሳችን ጎንበስ አለ፣ ተመለሰ። ከውጭ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፤ ቆርቆሮዎቹ አንድ ላይ ተነሡ።

አቧራው ሲሳሳ አከራዬን አየኋት። በተከፈተው በር፣ ጣሪያ በሌለው ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ የወደቀውን ጆንያና አሸዋ በሁለት እጆቿ ትቆፍራለች።

"እዚህ ናት" አልኩ። ድምፄ ለእኔም አልተሰማኝም። ደገምኩት። እሷ ብርድ ልብሱን አነሣች፣ ትራሱን ገለበጠች፣ የአልጋውን ሥር አየች።

"አንቺ! ልጅሽ እኛ ጋ ናት!" ብላ የጮኸችላት ጎረቤቴ ናት።

አከራዬ ዞረች። ልጅቷ ደረቴ ላይ እንደተኛች ናት። እናቷ ወዲያው አልመጣችም፤ አሸዋውን በእጇ እንደያዘች ቆማ፣ ልጅቷ እስክትንቀሳቀስ ጠበቀች።