እንግዴ ልጅ ፍለጋ በባጃጅ

አዋላጅ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያውን ቁጣ የቀመስኩት በአንድ ባልዲ የተነሳ ነው። ወሎ ውስጥ፣ መርሳ ከተማ አጠገብ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች። እኔም እንግዴ ልጁን በባልዲ ይዤ ወደ መጣያው ጉድጓድ ስከንፍ አለቃዬ ሲስተር የሺ በር ላይ ያዙኝ።

«ስንት ዓይን አለው?»

«እንግዴ ልጅ ዓይን አለው እንዴ?» አልኩ፤ ሳቄም አመለጠኝ።

እሳቸው አልሳቁም። ጓንት አጥልቀው እትብቱን በመቀስ ቆረጥ አደረጉና ጫፉን አሳዩኝ፤ ሁለት ቀጫጭን የደም ሥር፣ አንድ ሰፊ። «ይኸው ሦስት። ሙሉ መውጣቱን አይተሽ፣ ዓይኑን ቆጥረሽ፣ መዝግበሽ ነው የምትጥይው። ከሦስት ካነሰ የሕፃኑን ልብ ደግመሽ ታዳምጫለሽ።»

«እትብትና ልብን ምን አገናኛቸው?»

«ልብና እንግዴ ልጅ ማሕፀን ውስጥ ባንድ ሰሞን ነው የሚፈጠሩት። ልብ መምታት ከጀመረ አንስቶ ደም የሚገፋው ወደዚያ ነው። እንግዴ ልጁ ከታመመ ልብም ሲፈጠር ሊጎዳ ይችላል።»

ለዓመታት ቆጠርኩ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሁልጊዜ ሦስት ሲሆን ደግሞ ይሰለቻል፤ እኔም ከጥንት ችኩል ነኝ።

አንድ የገበያ ቀን ሐያት የምትባል የሀብሩ ልጅ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አነስ ቢልም ጩኸቱ ጣራ ይነቅላል። እንግዴ ልጁ ሙሉ መውጣቱን አየሁና ሌላ ምጥ ስለጠራኝ ሳልቆጥር ተውኩት። ስመለስ ባልዲው ባዶ ነው። የሐያት አማት እማማ ዘሃራ በፌስታል ቋጥረው ግቢያቸው ሊቀብሩት ሄደዋል። ልማድ ነውና ማንም አልከለከላቸውም።

መዝገቡን ከፈትኩ፤ የደም ሥር ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ላይ እጄ ቆመ። ሦስት ብዬ ብጽፍ ማን ያየኛል? ልጁ ላይ የቀረው የእትብት ጫፍ ታስሮ ተጨማዷል፣ የደም ሥሩን ከሱ መቁጠር አይቻልም። ግን የሲስተር የሺ ፊት ድቅን አለብኝ። ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ።

«ሲስተር፣ ምን ጠፋብሽ?» አለ ሹፌሩ።

«እንግዴ ልጅ!»

በሞተሩ ጩኸት «እንግዳ ልጅ» ብሎ ሰማው። የዋህ ነው፤ ባለፈበት ሁሉ ፍሬን እየያዘ «እንግዳ ልጅ አላያችሁም? የሲስተር ነው፣ ጠፍቶባት ነው!» ይላል። አንድ ባለሱቅ ደንግጦ «ስንት ዓመቱ ነው?» ሲለኝ «አንድ ሰዓቱ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል።

እማማ ዘሃራ ጉድጓዱን ምሰው እንደጨረሱ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ልቁጠረው!»

የሹፌሩን ጩኸት ሰምተው ኖሮ «ያ አላህ! እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ ይቆጠራል እንዴ?» አሉኝ።

ፌስታሉን ፈታሁ። እትብቱን ቆረጥኩ። አንድ፣ ሁለት። ከፍ ብዬ ደግሜ ቆረጥኩ። ያው ሁለት። በራሴ አፈርኩ።

እማማ ዘሃራን በዚያው ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። ልጁ ተኝቶ ነበርና ረጋ ብዬ ልቡን አዳመጥኩ። ከምቱ ጋር «ሹ» የሚል ድምፅ አለው። ቀደም ሲል ሳዳምጠው እሱ ያለቅስ፣ እኔ እቸኩል ነበር።

«ወልድያ ሆስፒታል መታየት አለበት» አልኩ።

«አራስ ደግሞ መንገድ ትወጣለች? ልጁም ሲጮህ አገር ይሰማል፣ ምን አለውና?» አሉ እማማ ዘሃራ።

«እማማ፣ እትብቱ ሁለት ዓይን የሆነ ሁሉ ልቡ የታመመ ነው አልልም። የዚህ ልብ ግን ድምፅ አለው። ሆድ ውስጥ ሳለ ልቡ ደም የሚገፋው ወደ እንግዴ ልጁ ነው። መንገዱ እንደሚገባ ካልተሠራ...»

«ቱቦው ሲታጠፍ ፓምፑ ያቃስታል በይኛ!» አሉ ቀድመውኝ። ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ ሴት ናቸው። ከኔ ሁሉ ትምህርት የሳቸው ፓምፕ በለጠ። ወደ ሐያት ዞር ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ ተነሺ» አሏት።

ወልድያ ላይ በአልትራሳውንድ ሲታይ ልቡ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። መድኃኒትና ክትትል ተጀመረለት፤ ኋላም አዲስ አበባ ተልኮ ተደፈነለት። ያየው ሐኪም «ሳይታወቅ ቢከርም ልቡ ይደክም ነበር» ሲለኝ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐያት ሁለተኛዋን ስትወልድ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወር ቀርቶኝ ነበር። ታላቅየው ግቢው ውስጥ የዘበኛውን ዶሮ ያሯሩጣል። እማማ ዘሃራ ፌስታላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እንግዴ ልጁን ሳቀብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አስቀድመሽ አሳዪኝ።»

የእትብቱን ጫፍ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። «አንድ... ሁለት... ሦስት። አልሐምዱሊላህ! አሁን ይቀበራል።»

ለእናንተ ለወጣት አዋላጆች የምለው ይኸው ነው፤ ቆጥራችሁ ስጡ።