በጸሎት መሀል የቀየርኩት ብርጭቆ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እኔን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ተአምር ነው። ጂንካ ውስጥ በእኔ አፍ ያላለፈ ወሬ የለም፤ ያልሆነውን ሆነ እላለሁ፣ የሆነውን በሦስት አባዛለሁ። ይህን አንዱን ግን ዋጥኩት። ዛሬ ልትፋው ነው። ባጋንን እንኳ ነገሩ የተፈጠረበትን ቤት ውበት እንጂ ጥፋቴን አላሳንስም።

ጓደኛዬ ካሳሁን ከጂንካ ወጣ ብላ ባለችው ገዘር መምህር ነው፤ የቤተክርስቲያኑ ዘማሪ፣ ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ ያልቀመሰ። ጂንካ ተመድባ የምትሠራ ሰላማዊት የምትባል ነርስ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ነበር። እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። “ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁን ልየው” አለ። ካሳሁን ዓይን አፋር ነውና በእሱ ቦታ የሚያወራ ሰው አስፈለገው። ማንን መረጠ? እኔን! አይ የሰው ምርጫ!

ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገጫግጨን ደረስን። ሰላማዊት ቀድማን ሄዳ ነበር። ወንድምየው ለምሳ የጠራን አንድ ረጅም ሕንፃ አናት ላይ፣ ቢራውን እዚያው እየጠመቁ ምግብ የሚያቀርቡበት ውድ ቤት ነው። ራሱ የቤተክርስቲያን አገልጋይ ቢሆንም፣ “ቢራው ለሚጠጣው ነው፤ እኛ የመጣነው ለሥጋው” ብሎ ሳቀ።

ያንን ቤት እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ከመስታወት ጀርባ ጎጆ የሚያካክሉ የመዳብ በርሜሎች ቆመዋል። አምፖሎቹ ከጣሪያው ወርደው እንደ በሰለ ማንጎ ተንጠልጥለዋል። ሰው ይስቃል፣ ብርጭቆ ይጋጫል፤ ሙዚቃው ከወለሉ ሥር የሚፈልቅ ይመስላል። ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ ከተማውን ውጦት ጥቂት መብራቶች ብቻ ጉም ላይ ይንሳፈፋሉ። እግሬ መሬት አልነካም ብል ማጋነን አይደለም። እሺ፣ ነው። ካሳሁን ግን እውነትም ተንሳፍፎ ነበር፤ ሰላማዊትን እያየ ሹካውን ገልብጦ ይዟል።

አስተናጋጇ ለእኔ ጥቁር ድራፍት ቢራ፣ ለካሳሁን አልኮል የሌለው ማልት አመጣች። ብርጭቆዎቹ አረፋቸው ሳይቀር መንታ ናቸው።

“ወንድም ካሳሁን፣ ማዕዱን ባርክልን” አለ ወንድምየው።

ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። የእኔ ብቻ ተከፍቶ ቀረ። ለምን አልጨፈንኩም? እሱ “አባት ሆይ” ሲል የእኔን ብርጭቆ ወደ እሱ ገፋሁ፤ “አሜን” ሲል የእሱ በእጄ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ በዚያ ሰዓት ሰይጣን እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጂንካ ስመለስ የማወራው ወሬ።

“አንተ፣ የአዲስ አበባ ማልት ይመርራል እንዴ?” አለኝ ካሳሁን በሹክሹክታ።

“እዚሁ ስለሚሠሩት ነው። ጠጣ፣ ጋባዥህን አታስቀይም!”

ያን ሁሉ ለጋባዡ ሲል ጨለጠው። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ዓይን አፋሩ ሰው ጠፋ። ስለ ገዘር ጭጋግ ሲያወራ ሰላማዊት አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠዋለች። እኔም፣ ነውሬን ልናገር፣ ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ጠረጴዛውን እየመታ መዝሙር ጀመረ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ወንድምየው ቀስ ብሎ ብርጭቆውን አነሳና አሸተተ።

“ወንድሜ፣ ይሄ ማልት ነው?”

“ማልት ነው፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው!”

ወንድምየው ወደ እኔ ዞረ። “አንተስ ምን ትላለህ?”

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እኔ ግን፣ “እኔም አንድ ማልት ጠጥቼ ዞሮብኛል፤ በሰው አልፈርድም!” አልኩ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሳቁ። ወንድምየው አልሳቀም።

“መጠጣቱን እተወው ነበር” አለ እየተነሳ። “በአምላክ ስም መዋሸቱን ግን አልችልም። ሰላማዊት፣ ተነሽ።”

ተነሳች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በመልሱ ጉዞ ካሳሁን መስኮቱን እያየ፣ “እውነት ቢራ ነበር እንዴ?” አለኝ። “አስተናጋጇ ተሳስታ ይሆናል” አልኩት። አያችሁ? ጓደኛዬን አዋረድኩ፣ ያልበደለችኝን ሴት ደግሞ ወነጀልኩ። እሱ ገዘር ገብቶ በምእመናን ፊት ቆመ፤ “ሳላውቅ ጠጣሁ፣ በስሙም ማልኩ” ብሎ ተናዘዘ። ከመዘምራን ለወራት አገዱት። ከመድረኩ ሲወርድ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ለዚያች አስተናጋጅ ጸልዩላት፤ ደክሟት ይሆናል።”

ዛሬ ሌላ አግብቷል፣ ልጆች አሉት። ሆዴ “እንዲያውም ጠቀምከው” ይለኛል። ዝም በል እለዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካሳሁን ምሎ አያውቅም፤ በሐሰት የማለ ሰው ነኝ ብሎ ያምናል። ያንን እምነት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን ጂንካ መጥቶ እጄን ያዘ። “ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ሁንለት፤ ያኔ ያልጨረስከውን ትጨርሳለህ” አለኝ። እስካሁን እሺ አላልኩትም። ቅዳሜ መልሴን ሊሰማ ይመጣል፤ የሚሰማው ግን ይህን ነው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሱ ይቅር ካላለኝም፣ ቀልድ ነበር ብዬ አልከራከረውም።