በፌስታል የተቋጠረ ሻርፕ

ሽቶ ሻጯ ሰውየው ከገባ ጀምሮ ዓይኗን ከላዩ አልነቀለችም። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ጺሙ ግን ከተላጨ ሰነባብቷል። "ለትልቅ ሴት የሚሆን የስጦታ ሽቶ" አለና ያወጣችለትን ሳጥን ሁሉ ዋጋ ሳይጠይቅ እያሸተተ መለሰ። አንዱን ባሸተተ ቁጥር ጀርባውን ይሰጣትና ብብቱ ሥር የያዘውን ፌስታል ፈታ አድርጎ አፍንጫውን ይከትበታል፤ ወዲያው መልሶ ይቋጥረዋል። ዘበኛው ከበሩ ተነሥቶ ቀረብ አለ።

"ፌስታሉን ያሳዩኝ እስቲ" አለች።

ፈታው። ውስጡ ያለው አንድ የሴት ሻርፕ ብቻ ነው። ሻጯ አፈረች። ለይቅርታ ያህል፣ ለደንበኛ ሁሉ እንደምታደርገው፣ የሙከራውን ጠርሙስ ሻርፑ ላይ ልትረጭ አነጣጠረች።

"ተይ! ሽታዋን ታጠፊብኛለሽ!" ብሎ እጇን አፈፍ አደረገው።

በመጨረሻ አንዱን ሲያሸት ቆም አለ። ሻርፑን አሸተተ፣ ጠርሙሱን አሸተተ፣ እንደገና ሻርፑን።

"እሱ እኮ የወጣት ነው፤ ለትልቅ ሰው አይሆንም" አለችው።

"የእህቴ ሽታ ነው። መሞቷን ለእናታችን አልነገርናትም፤ ዓይኗም አያይም። ትናንት ይህን ሻርፕ አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ አጠገቧ ብቀመጥ፣ 'መጣሽልኝ?' አለችኝ።"

"እርስዎስ ምን አሏት?"

ሳጥኑን እዚያው ከፈተና ከሽቶው ጋር የመጣውን ቅባት እጁን ይቀባ ጀመር።

"አፌን ከከፈትኩማ ታውቀኛለች" አለ።