አዳማ ሲደርስ የምጀምረው ኪኒን

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ቃሊቲ እስኪያራግፍ አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ የወሊድ መከላከያ ኪኒኔን በሱ ጉዞ ልክ ሰፍቼው ነበር። ሰውየው ከሌለ ኪኒኑ ምን ያደርጋል? ሲወጣ አቆማለሁ፤ ሲመለስ አዳማ ላይ ቆሞ ይደውልና «ደርሻለሁ፣ ጀምሪ» ይለኛል፤ እጀምራለሁ። በሰፈራችን ያለን የሹፌር ሚስቶች ብልሃት መስሎን ይህንኑ እርስ በርስ እንማከር ነበር። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ሁለተኛ ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ስምንት ወር ሳይሞላኝ አረገዝኩ። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ሐኪም «ቁስልሽ በደንብ አልጠገገም፤ ይሄ እርግዝና ለሕይወትሽ ያሰጋል» አለችኝ። ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ በሦስተኛው ፅንሱ እንዲቋረጥ ወሰንኩ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር፤ አልነገርኩትም። አብረውኝ የሄዱት እትዬ የምላቸው ታላቅ እህቱ ናቸው። ነገሩን ወደውት ሳይሆን እኔን ብቻዬን መስደድ ነውር ሆኖባቸው ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሆዴን ይዤ ጋደም እንዳልኩ ሲስተሯ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ኪኒኑን እንዴት እንደምወስድ ጠየቀችኝ። የአዳማውን ነገር ስነግራት ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው።

«ኪኒን በየቀኑ ካልተዋጠ እንዳልተዋጠ ቁጠሪው» አለችኝ። «ደግሞ ከዚህ ከወጣሽ ሁለት ሳምንት ሳይሞላሽ ልታረግዢ ትችያለሽ።»

ከዚያ ረጅም ጊዜ የሚያገለግሉትን አሳየችኝ፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን። ሁለቱንም አልፈልግም ማለት እንደምችልም ነገረችኝ። የክንዱ የክብሪት እንጨት ቢያክል ነው።

«የክንዱን» አልኳት። «አሁኑኑ።»

እትዬ ከተቀመጡበት ተነሱ። «አንቺ ልጅ፣ እሱን ሳታማክሪ? ደሞ ይሄ ነገር ወደ ልብ ይሄዳል ይላሉ። መጀመሪያ ሰውነትሽ ይመለስ፤ እሱ ሲመጣ ተነጋግራችሁ ትመጪያለሽ።»

ሲስተሯ ልትመልስላቸው ስትል ቀደምኳት። «እትዬ፣ እሱ ሲመጣ፣ እሱ ሲመጣ እያልኩ አይደል እዚህ የተኛሁት? ሁለተኛ እዚህ አልጋ ላይ አልወጣም።»

እትዬ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም ደነገጥኩ፤ በስድስት ዓመት ትዳሬ አንድም ቀን ቃል መልሼላቸው አላውቅም። ቢሆንም ግራ ክንዴን ዘረጋሁ። የማደንዘዣው መርፌ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ ሌላው አልተሰማኝም። ሲስተሯ ፋሻውን እየጠቀለለች «የትም አይሄድም፤ ልጅ ስትፈልግ ይወጣላታል» አለች፣ ወደ እትዬ እያየች።

በባጃጅ ስንመለስ እትዬ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ። ኩርፊያቸውን አውቀዋለሁ። ስወርድ ግን ፋሻ ያለበትን ክንዴን እንዳይነኩ ተጠንቅቀው፣ በወዲያኛው በኩል ዞረው ደገፉኝ።

በአራተኛው ቀን ልጄን እያጠባሁ ስልኬ ጠራ። የሞተር ድምፅ ከኋላ ይሰማል።

«አዳማ ነኝ፤ ጀምሪ» አለኝ እንደ ልማዱ።

እንዲህ በስልክ ልነግረው አላሰብኩም ነበር፤ ያቺ «ጀምሪ» የምትል ቃል ግን ደሜን አፈላችው። ማርገዜን፣ ሐኪሟ ያለችኝን፣ አልጋውን፣ ክንዴን፣ ምንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሞተሩን ሲያጠፋ ሰማሁ።

«ለኔ ሳትነግሪኝ?» አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ አሳዘነኝ።

«ልትቆጣ ከሆነ መጥተህ ተቆጣ» አልኩት። «ከእንግዲህ ግን አዳማ ላይ ቆመህ የምታስጀምረኝ ነገር የለም። ዝም ብለህ ና።»

የዘጋው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«የትኛው ክንድሽ ነው?» አለኝ።

«ግራው።»

«እንግዲያው በቀኝሽ በኩል እተኛለሁ» አለና ሞተሩን አስነሳ።