የእትዬ ጥቁር አፈር

የልብስ ስፌት መኪናዬ የተተከለው መስኮት ሥር ነው። መስኮቱ ደግሞ የሚያየው የጎረቤቴን ጓሮ ነው። ስለዚህ በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ወደ ብርሃኑ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እትዬን ነበር። ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች፣ አፈር በወንፊት ትነፋለች፣ ወይም በጥቋቁር የፕላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ ችግኝ ታስቀምጣለች። ከፊቷ ይልቅ ጀርባዋን አውቀዋለሁ ብል አልዋሸሁም።

እትዬ የምትኖረው ችግኝ ሸጣ ነው። ሎሚ፣ ጽጌረዳ፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ። በሰፈራችን ከእሷ እጅ የወጣ ቅጠል የሌለበት ግቢ የለም። ባሏ ሲሞት የተወላት ቤቱንና አንድ ልጅ ነው፤ አፈሩን የሠራችው ግን ራሷ ናት። የሠራችው ስል ቀልድ አይምሰላችሁ። መጀመሪያ ሲገቡ ግቢው ቀይ ሸክላ ነበር፤ ሲደርቅ ጡብ፣ ሲረጥብ ሙጫ። በየቤቱ እየዞረች የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የረገፈ ቅጠል ለምና፣ ፍግ ከበረት ተሸክማ፣ አበስብሳና ገልብጣ፣ በብዙ ዓመት ያንን ቀይ ምድር ጥቁር አለበሰችው።

የሰፈሩ ልጆች «እማማ ፍግ» አሏት። «አይከፋሽም ወይ?» ብላት፣ «ምን ይከፋኛል? የሚበሉት ከእሱ አይደል እንዴ» አለችኝና ልጣጭ ካለኝ ብላ ባልዲዋን ዘረጋችልኝ። ስድብ እንኳ ሳትጥል አበስብሳ የምትጠቀምበት ሴት ነበረች።

ልጇ ገልባጭ መኪና ይነዳል። የተባረከ ልጅ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ባደረገው ነገር ክፉ እንዳይመስላችሁ ነው። ሥራው ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ እየዞረ አፈር መጫንና መድፋት ነው።

አንድ ጧት እትዬ ከመሬት ብቅ ያለ ሥር አደናቀፋትና እዚያው ጓሮዋ ውስጥ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልጇን ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የምትሄደው በምርኩዝ ነው፣ የምትኖርበት ቦታ ደልዳላ ይሁን፣ ሁለተኛ ከወደቀች አትነሣም አለው። ይህን የነገረኝ ልጁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሮው ለእሱ እናቱን ሊገድልበት ያደፈጠ ጠላት ሆነ።

እሷ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ሎደር የሚነዳ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነበር። ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ።

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«ጋሼ፣ ግቢውን ላጸዳላት ነው። ስትመጣ እንደ አዳራሽ ደልዳላ ሆኖ ታገኘዋለች።»

«እሷን ጠይቀሃታል?»

«ብጠይቃት እምቢ ነዋ የምትለው። እርስዎም ያውቋታል፤ ሞቷን ትመርጣለች እንጂ አንዲት ከረጢት አታስነሣም።»

«እንግዲያው መሬቱ እንኳ ይድረቅ። መንገዷን ብቻ አስተካክልላትና ሌላውን ተወው። ጨርቅም ቢሆን እኮ ሳይለካ መቀስ አይነካውም።»

ሳቀ። «ጋሼ፣ እርስዎ በጨርቁ፣ እኛ በአፈሩ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አፈር ያውቃል። መዘዙም ከዚያው መጣ። በእሱ ሥራ ጥቁር አፈር የሚጣል ነገር ነው። ሕንፃ አይሸከምም፤ ስለዚህ መሠረት ከመውጣቱ በፊት ጠንካራው ቀይ እስኪገኝ ድረስ ተጠርጎ ይነሣል። ልጁ ያደገው ያ አፈር ባበቀለው ጎመን ነው፤ አድጎ የተማረው ግን መጣሉን ነው።

ችግኞቹን አስቀድሞ በአጥሩ ጥግ ደረደራቸው፤ ይህን ያህል ያስባል። ሎሚዋንም «እሷን እንዳትነካት» ብሎ ለጓደኛው ነገረው። ከጓሮው ዛፎች አንጋፋዋ እሷ ናት፤ በሰፈሩ ያለው ሎሚ ሁሉ የእሷ ዘር ነው። ሎደሩም ግንዷን አልነካም። በሥሮቿ ላይ ግን ሲመላለስ ዋለ። ጥቁሩን አፈር እየዛቀ ገልባጩ ላይ ሲጭን ማየቱ አስጠላኝና መስኮቴን ዘጋሁ። ስከፍተው ጓሮው ቀይ ሆኖ፣ ለጥ ብሎ፣ የጎማ ዱካ ታትሞበት ጠበቀኝ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። የተላጨ ራስም እኮ ያምራል።

እትዬ በምርኩዝ እየተደገፈች የተመለሰች ዕለት ልጇ ፊት ፊቷ ሄዶ የጓሮውን በር ከፈተላት። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

«አየሽ እማዬ፣ እንቅፋት የሚባል የለም። አሁን እንደ ልብሽ ትመላለሻለሽ።»

ቆማ አየችው። ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ፣ «የት ደፋኸው?» አለች።

«ምኑን?»

«አፈሬን።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ የሆነውን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

«አሳየኝ» አለችው። ከነምርኩዟ ገልባጩ ላይ አወጣናት፣ እኔም አብሬ ተሳፈርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ መኪናው ሁሉ የሚደፋበት ገደል አለ። ስንደርስ በእሷ አፈር ላይ የፈረሰ ግድግዳ፣ የተሰባበረ ሴራሚክ፣ የተጣመመ ብረት፣ ከዚያም በላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቀይ አፈር ተከምሯል። ልጇ ወርዶ ወዲያ ወዲህ አለና ተንበርክኮ በእጁ መቧጠጥ ጀመረ። «እዚህ ጋ ነበር የደፋሁት፣ እማዬ፣ እዚህች ጋ ነበር» ይላል። እሷ ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮቱ ስታየው ቆየችና፣ «ተወው ልጄ፣ ብረት ይቆርጥሃል። እንሂድ» አለችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሱም እኮ የፈሰሰው የሚለቀም ሲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀስ እያለ የሆነ ነው። ልጇ ከወንዝ ዳር አፈር በጆንያ አመጣ፤ ከችግኙ ቀድሞ አረሙ በቀለ። ሎደሩ የረገጠው መሬት ዶማ አልቀበል አለ፤ ሲዘንብ ውሃው ወደ ውስጥ አይሰርግም፣ እንደ ድስት አቁሮ ይይዘዋል። የተረፉት ችግኞች የሚጨመርላቸው ጥቁር አፈር አጥተው በየከረጢታቸው ቢጫ ሆኑ። ገዢ ይመጣል፣ አንገቱን አስግጎ ያያል፣ «ሌላ ጊዜ» ብሎ ይሄዳል። እኔ የማደርገው ቸገረኝና ባልዲዋን ይዤ ልጣጭ ልመና ወጣሁ። ልጆቹ «አባባ ፍግ» አሉኝ። ሞልቼ ይዤላት ስገባ ባልዲውን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ እኔን አየች።

«ስንት ዓመት የሚፈጅ ይመስልሃል?»

ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

«እኔ አውቃለሁ። አንዴ ሠርቼዋለሁ። ሁለተኛ የምሠራበት ዕድሜ የለኝም፣ ወንድሜ።»

የቀረችን ሎሚዋ ነበረች። ግንዷ ሥር የሎደሩ አካፋ ያልደረሰበት አንድ ክምር ጥቁር አፈር ተርፏል። እትዬ ወንበሯን እዚያ አስቀምጣ ትውላለች፤ ከዚያች አፈር ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ መሀል ታፈርሳለች፣ መልሳ ትበትናለች። ልጇ በመጣ ቁጥር እናቱን ከመሳሙ በፊት ሎሚዋን ያያል። ቅጠሏ አልረገፈም፣ ደህና ናት እንባባላለን። ዛፍ ግን ሞቱን ቶሎ አይናገርም። ሎሚዋ የሞተችው ጎማው ሥሯን የረገጠ ቀን ነው፤ እኛ ያወቅነው ግን ፀሐዩ በርትቶ ከጫፏ መድረቅ ስትጀምር ነው። ቅጠሏ ተጠቀለለ። ፍሬዋ ሳይበስል እየረገፈ ቀዩ መሬት ላይ ይንከባለል ጀመር።

አንድም ቀን ልጇን አልወቀሰችውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሱን ግን የእሷ ዝምታ ከውስጥ በላው። ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ስለካው ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ፣ ያን ያህል ከስቷል።

«ጋሼ፣ አንዴ እንኳ ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር» አለኝ።

«አትጮኽብህም። ለእሷ ብለህ እንዳደረግኸው ታውቃለች።»

ላጽናናው ብዬ ነበር የተናገርኩት። ይባስ ብሎ አለቀሰ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ልጇን ከወንበሯ ሆና ጠራችው።

«ጓሮውን ሊሾ አድርግልኝ» አለችው። «ጭቃው ቤት እየገባ አስቸገረኝ። ሲሚንቶ የሚያቦካ ጓደኛ አታጣም።»

«እማዬ፣ ሊሾ ከሆነማ ከእንግዲህ ምንም...»

«አውቃለሁ።»

በሳምንቱ ግንበኛ መጣ። የደረቀችው ሎሚ ተቆረጠች፣ ባዶዎቹ ከረጢቶች ታስረው ወጡ። ሲሚንቶው ከበሩ ተነሥቶ እየተለሰነ መጣና ጥቁሯ አፈር ዳር ደረሰ። ልጇ እዚያ ላይ ግንበኛውን አስቆመውና ወደ እናቱ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ እዚህች ጋ ክብ አድርገን ክፍት እንተውልሽ? አንድ ነገር ትተክይባታለሽ።»

ይለምናት ነበር፤ እኔም ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ በልቤ አንድ ጊዜ እሺ በይው እያልኩ ነበር። እትዬ ምርኩዟን ዘርግታ ያችን ጥቁር አፈር በጫፉ ነካ ነካ አደረገቻት።

«አይ፣ እኩል አድርገው» አለች። «እንዳልደናቀፍ።»

ልጇ የሲሚንቶ መለሰኛውን ከግንበኛው እጅ ተቀበለና ራሱ እኩል አደረገው።