የእትዬ ዘውዴ በር

ትናንት ስልኬ ጮኸ። «እትዬ ዘውዴ» ይላል። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ ስለሆነ ስም ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ከአዲስ አበባ ነው፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«ሰፈሩ ለመንገድ ሊፈርስ ነው፤ እስከ እሑድ ልቀቁ ብለውናል። በሩን የገጠምኸው አንተ ነህ፤ መጥተህ አንተው ንቀልልኝ» አሉኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ ከመካነ ሰላም ሄጄ አዲስ አበባ የጭቃ ቤት መራጊ ነበርሁ። መንግሥት በወደቀ ሰሞን የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ከተማውን ናጠው። የእትዬ ዘውዴ ቤት የፊት ግድግዳ ተዘረገፈ፤ በሩ ከነመቃኑ ደጅ ተጋድሞ ተገኘ። ክረምቱ ደርሷል። እኛ አገር ቢሆን ሰው በጅጌ ተሰብስቦ ባንድ ቀን ያቆመው ነበር፤ እዚያ ግን ሁሉም የራሱን ፍርስራሽ ይዟል። ብቻዬን ጭቃና ጭድ ስረግጥ ሰነበትሁ። የራሰው ጭድና የተቃጠለው ብረት ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልወጣም። ለምሳ እትዬ በሶ ይበጠብጡልኝ ነበር።

ዝናቡ በፊት በኩል ስለሚገርፍ በሩን በጓሮ እናውጣው አልኋቸው።

«አይሆንም። ግርማ የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ።

ግርማ አንድ ልጃቸው ነው። ለውትድርና አፍሰው ወደ ሰሜን ወስደውት ወሬው ጠፍቷል። አብረውት የዘመቱት ጫማቸው ተበጣጥሶ በእግራቸው ሲመለሱ እሱ የለም። ሞቷል ልላቸው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እኔ ያሰብሁትን ውጬ የማድር ሰው አይደለሁም። ግን «አብሽሩ፣ እትዬ» ብቻ አልሁ። በሩን በነበረበት ገጠምሁት። ከፈት ዘጋ አድርገው ሲጢጥታውን አዳመጡ። «እሱ ነው» አሉ።

ግርማ አልመጣም። ከተማው ግን ተሠራ፤ ፎቅ በፎቅ ሆነ። እኔም አገሬ ገባሁ። አሁን ተራው የእኛ ሆኖ ጦርነቱ እዚህ መጥቷል። በወረኢሉ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት ሳምንት ይዘጋል፤ ማን እንደዘጋው እንኳ ደፍሮ የሚነግርህ የለም።

ትናንት በስልክ ይህንኑ ነገርኋቸው። «በግርማም ላይ እንዲሁ መንገድ ዘግተውበት ይሆናል» አሉኝ።

ያችኑ የድሮዋን «አብሽሩ» ደገምሁላቸው።

ዛሬ መዶሻና መንቀያዬን በማዳበሪያ ጠቅልዬ መናኸሪያ ቆሜ ዋልሁ። ከተማ የሚያፈርስም የሚሠራም ሞልቷል። አንዲት በር ልነቅል የምሄድ እኔን የሚያሳፍር መኪና ግን አልመጣም። እሑድ ነገ ነው።